ጥያቄው ከጣና ዳር፣ መረጃው ከኢንተርኔት

ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ «የሳይንስ ፕሮጀክት ሐሳብ» ብላችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የሚመጣው ሆምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅሎ የሚገነፍልበት የጭቃ እሳተ ገሞራ ነው። ቀጥሎ በሎሚ የምትበራ ሚጢጢ አምፖል ትመጣለች። ከዚያ ቀለም ውኃ ውስጥ የተነከረ ነጭ አበባ። የትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ላይ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ብትዞሩም የምታገኙት እነዚህኑ ነው።

ጥፋቱ የተማሪዎቹ ብቻ አይደለም። ጎግል የሚያስቀድመው ብዙ ሰው የሚከፍተውንና ሌሎች ገጾች የሚጠቅሱትን ነው። በዚህ ርዕስ ብዙ ሰው የሚከፍተው ደግሞ ለውጭ አገር የአንደኛ ደረጃ ልጆች የተጻፈውን ነው። ባሕር ዳር ለሚማር የ11ኛ ክፍል ልጅ ወይም ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ለገባ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ያ ምኑም አይደለም።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ፕሮጀክት አትፈልጉ። ጥያቄውን ከአካባቢያችሁ አምጡ። ከዚያ ሰባብሩትና የእያንዳንዱን ስባሪ መልስ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ያገኛችሁትን ደግሞ «ይሄ ነገር ባሕር ዳር ላይ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ፈትኑት። ሐሳቡ ይኸው ነው። ጣጣው ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው።

ትልቁን ጥያቄ መሰባበር

«እምቦጭን እናጥፋ» ፕሮጀክት አይደለም። ገበሬው በእጁ እየነቀለ፣ ማሽንም እየመጣ ስንት ዓመት ሲታገሉት የኖረ ነገር ነው። በአንድ ሴሚስተር አያልቅም። «ከመስከረም እስከ ኅዳር በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ የሸፈነው ስፋት ምን ያህል ተለወጠ?» ብትሉ ግን ፕሮጀክት ነው። ይለካል፤ መጀመሪያና መጨረሻም አለው።

አሁን ይህን ጥያቄ ሰብሩት። እምቦጭ ከሰማይ ሲታይ ከውኃው በምን ይለያል? ነፃ የሳተላይት ፎቶ ከየት ይገኛል? ስፋት እንዴት ይሰላል? ከደንገሉና ከፎገራ የሩዝ ማሳ ጋር እንዳይምታታ ምን ይደረጋል? እያንዳንዷ ጥያቄ ለብቻዋ ብትፈለግ መልስ አላት። አንድ ላይ ብትጽፏቸው ግን ጎግል ግራ ይጋባል፣ እናንተም አብራችሁ።

የምትጽፉት ቃልም ለውጥ ያመጣል። «እምቦጭ» ብላችሁ በአማርኛ ስትፈልጉ ዜና ይመጣል። ሚኒስትሩ ጎበኙ፣ ዘመቻው ተጀመረ ዓይነት። ጥናት የሚያመጣው የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ነው። እሱም ሁለት አለው። ለረጅም ጊዜ አይኮርኒያ ክራሲፔስ ይባል ነበር፣ አሁን ፖንቴደሪያ ክራሲፔስ ሆኗል። የቆዩት ጥናቶች በአሮጌው ስም ነው የተጻፉት። ስለዚህ በሁለቱም መፈለግ ነው። ደንገል ሳይፐረስ ፓፒረስ ነው። የሌላውንም ተክል ሆነ ዓሣ ሳይንሳዊ ስም ከእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በአንድ ደቂቃ ታገኙታላችሁ። ከላይ እንዳደረግኩት እኔ በፊደላችን ብጽፋቸውም፣ እነዚህንም ሆነ ከታች የምጠራቸውን የድረ ገጽ ስሞች ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው።

በእንግሊዝኛ መፈለግ የግድ ነው ወይ? አዎ፣ ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። እንግሊዝኛችሁ ቢንገዳገድም በሦስት በአራት ቁልፍ ቃል ፈልጉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። የተገኘውን በመተርጎሚያ መተግበሪያ ማንበብ ይቻላል። ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል፣ ግን መንገዱን ያሳያል።

ሦስት ትንንሽ ዘዴዎች ብዙ ሰዓት ይቆጥባሉ። ቃላቱን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ካስገባችሁ ጎግል እንዳሉ አብረው የተጻፉበትን ብቻ ያመጣል። የማትፈልጉት ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት ብታደርጉ ያ ቃል ያለበትን ይጥልላችኋል። ከፍለጋው መጨረሻ «ፋይልታይፕ» ብላችሁ፣ ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ፣ ክፍት ቦታ ሳትተዉ «ፒዲኤፍ» ብትሉ (ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል) ደግሞ ማስታወቂያ የበዛበት ገጽ ቀርቶ ጥናት፣ መመሪያና መማሪያ ይመጣል። ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ሦስተኛው ነው።

ጣናን ከሰማይ ማየት

ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ፕሮጀክት የሚሠራ ተማሪ ብዙ የማያውቀው ሀብት አለ። ጣና ሳተላይቶች ሳያቋርጡ የሚያዩት ሐይቅ ነው። መረጃውም በነፃ ይሰጣል።

የአውሮፓው የኮፐርኒከስ ፕሮግራም ሴንቲኔል 2 የሚባሉ ሳተላይቶች አሉት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 ወደ ሕዋ ወጡ። ሳተላይቶቹ ተራ በተራ አንድን ቦታ በ5 ቀን አንዴ ያነሳሉ። የፎቶው ትንሿ ነጥብ፣ ፒክስል የምትባለው፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጣናን ፈልጋችሁ ቀን መርጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፎቶውን ለማውረድ ነፃ አካውንት ይከፈታል።

እምቦጩን ከውኃው የሚለየው ብርሃን ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፣ ምግቡን ለማዘጋጀት ይጠቀምበታልና። ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ውኃ ደግሞ ኢንፍራሬዱን አጥብቆ ይውጣል። ሳተላይቱ ሁለቱንም ለየብቻ ይለካል። ከዚያ ኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን ቀንሳችሁ ለሁለቱ ድምር ታካፍላላችሁ። ኤንዲቪአይ የሚባለው ቁጥር ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ፒክስል ላይ ቀዩ 0.04፣ ኢንፍራሬዱ 0.36 ነው እንበል። ልዩነቱ 0.32፣ ድምሩ 0.40። ሲካፈል 0.8 ይመጣል። ይህ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው። ሌላ ፒክስል ላይ ቀዩ 0.08፣ ኢንፍራሬዱ 0.04 ቢሆን ውጤቱ ከዜሮ በታች፣ ወደ -0.33 ይወርዳል። ይህ ውኃ ነው። ከተወሰነ ቁጥር በላይ ያሉትን ፒክስሎች ቁጠሩ። አንዱ ፒክስል 100 ካሬ ሜትር ስለሆነ መቶው አንድ ሄክታር ነው። ከዚህ በላይ ሒሳብ የለውም።

ቀላል ይመስላል፣ ወጥመዱ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ኤንዲቪአይ አረንጓዴ ማለትን ያውቃል እንጂ እምቦጭ ማለትን አያውቅም። ዳር ላይ ያለው ደንገልም፣ ውኃ ሲሸሽ የሚበቅለው ሣርም፣ የፎገራ ሩዝም እኩል አረንጓዴ ነው። ስለዚህ የሐይቁን ድንበር እምቦጭ ካልነበረበት ዘመን ፎቶ ላይ ማውጣት ይሻላል። ለዚህ የአሜሪካው ላንድሳት አለ። የመጀመሪያው የተላከው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፣ ክምችቱም ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ ክፍት ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን ዳርቻ ከላንድሳት ታገኙታላችሁ። ነጥቡ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነ ከሴንቲኔሉ ደብዘዝ ይላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ነፋስ ነው። እምቦጭ ሥሩ መሬት አልያዘም፣ ይንሳፈፋል። ማክሰኞ ደንቢያ በኩል የነበረው በሳምንቱ ሌላ ቦታ ተከምሮ ሊገኝ ይችላል። አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ ከለካችሁ «ቀነሰ» ያላችሁት ነገር ተገፍቶ የሄደ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ደመና ነው። ክረምት ላይ የሴንቲኔል 2 ፎቶ ባዶ ጥጥ ነው። ያኔ ደመና የሚበሳው የሴንቲኔል 1 ራዳር አለ፤ እሱን ማንበብ ግን ከበድ ይላል፤ ለጀማሪ አልመክርም። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ያለውን ቀን መምረጥ ይበቃል።

አራተኛውን ጉዳይ ኢንተርኔት አይፈታውም። በፎቶው ላይ እምቦጭ ነው ያላችሁት ቦታ እውነት እምቦጭ መሆኑን አንድ ሰው ሄዶ ማየት አለበት። መሄድ ካልተቻለ የዚያን አካባቢ ዓሣ አጥማጅ ወይም ባለ ታንኳ መጠየቅ ነው። «አባባ፣ በጥቅምት እዚህ ጋ ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ አንዳንዴ የሳምንት ፍለጋ ያስቀራል።

የሐይቁ ከፍታና ዝናቡ

ሳተላይት የጣናን የውኃ ከፍታም ይለካል። ራዳር ወደ ታች ልኮ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ በመቁጠር ነው። የፈረንሳዩ ሃይድሮዌብ እና የጀርመኑ ዳሂቲ የጣናን ከፍታ በዓመታት ተከታታይ አድርገው አስቀምጠዋል። ሰንጠረዡን አውርዳችሁ በኤክሴል ግራፍ ብትሠሩ ሐይቁ ሲተነፍስ ታያላችሁ። ሰኔ ላይ ይጎድላል፣ ክረምቱ ካለቀ በኋላ ይሞላል።

እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ተደብቋል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ። ከዚያ በኋላ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰው ውሳኔም ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሐይቁ እጅግ ጎድሎ መርከቦች መንቀሳቀስ እስኪያቅታቸው ደርሰው ነበር። ያ ዓመት በግራፉ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ምን ያህሉ የዝናብ እጥረት፣ ምን ያህሉ የተለቀቀ ውኃ እንደሆነ ለመገመት የዝናብ መረጃ ያስፈልጋል። እሱም በነፃ አለ። ቺርፕስ የሚባለው ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ይሰጣል።

ለፀሐይ ኃይልና ለሙቀት ናሳ ፓወር ይሻላል። ኬንትሮስና ኬክሮስ ታስገባላችሁ፤ ባሕር ዳር በሰሜን 11.6፣ በምሥራቅ 37.4 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከዚያ የቀን በቀን ቁጥር ይወጣላችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሚሰጣችሁ ቁጥር የጊቢያችሁ አይደለም። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ካሬ አማካይ ነው፣ ግማሹ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ሪፖርታችሁ ላይ «የባሕር ዳር የቀበሌ 14 ሙቀት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ዳኛው ይይዛችኋል፣ ደግሞም ይገባዋል።

ከሌላ አገር የመጣውን እዚህ መፈተን

ብዙ ጥሩ መመሪያ የያዙ ድረ ገጾች አሉ። ሳይንስ በዲስ ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ ኢንስትራክተብልስ ደግሞ ሰዎች የሠሩትን ደረጃ በደረጃ በፎቶ የሚያሳዩበት ነው። ችግሩ መመሪያዎቹ ሌላ ቦታ ላይ ሆነው መጻፋቸው ነው። የሚጽፈው ሰው ባሕር ጠለል አጠገብ፣ ሰሜን ርቆ፣ 120 ቮልት ሶኬት ያለው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ከከፍታው እንጀምር። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። «ቴርሞሜትራችሁን በሚፈላ ውኃ ፈትሹት፣ 100 ማሳየት አለበት» የሚል መመሪያ ተከትላችሁ 94 ቢያሳያችሁ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። እንዳትጥሉት።

የግፊት ሴንሰርም እንዲሁ ነው። ከአርዱኢኖ (ሴንሰርና ሞተር በኮድ ከሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር ያያያዛችሁት ሴንሰር 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያሳያል። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ግን ከ1000 በላይ ይላል። ተማሪው «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ሊገዛ ይነሳል። አልተበላሸም። የአየር ትንበያ ግፊቱን ወደ ባሕር ጠለል ቀይሮ ነው የሚናገረው፣ የሁሉንም ከተማ ለማወዳደር። ሴንሰሩ ያለበትን ነው የሚያወራው።

ሁሉም ነገር ግን በከፍታ ይለወጣል ማለት አይደለም። የድምፅ ፍጥነትን ውሰዱ። ርቀት የሚለካው አልትራሳውንድ ሴንሰር ድምፅ ልኮ የሚመለስበትን ጊዜ ይቆጥራል። ከኢንተርኔት የምትቀዱት ኮድ ማይክሮ ሰከንዱን ለ58 አካፍሎ ሴንቲ ሜትር ያወጣል። «ባሕር ዳር ከፍ ያለች ናትና 58 ይስተካከል» ያለኝ ተማሪ ነበር። አይስተካከልም። የድምፅ ፍጥነት በአየር ሙቀት እንጂ በከፍታ አይለወጥም። በየአንዱ ዲግሪ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። ኮዱ የተጻፈው ለ20 ዲግሪ ገደማ ነውና ቀትር ላይ በ30 ዲግሪ ብትለኩ ስህተቱ 2 በመቶ አይሞላም። ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት ይበቃል። የጠየቀው ልጅ ግን ጥሩ ጠይቋል።

ፀሐይዋ ላይ ነገሩ ይከፋል። ሰሜን አሜሪካ ለሚኖር ሰው የተጻፈ የሶላር መመሪያ ፓኔሉን ወደ ደቡብ 40 ዲግሪ አጋድሙት ይላል። 40 ዲግሪ የዚያ አገር ኬክሮስ ነው። የእኛ 11.6 ነው። ዓመቱን ሙሉ ለማይነቃነቅ ፓኔል ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ሌላም አለ። ከሚያዝያ 13 አካባቢ እስከ ነሐሴ 15 አካባቢ ባሕር ዳር ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። የሰኔ የፀሐይ ምድጃችሁን «ደቡብ አዙሩት» ባለው መመሪያ ካዞራችሁት፣ ጥላ ሲሠራ ትውላላችሁ። እዚህ አገር ክረምቱም በዚያው ወቅት ነው፣ እሱንም አስቡት።

ኤሌክትሪኩ አጭር ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ከሶኬት ጋር የሚገናኝ ማንኛውም መመሪያ ከመሠራቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው። በዩቲዩብ ብቻ ተመርኩዞ ሶኬት መንካት አይሆንም።

ሳይገዙ መሞከር

አርዱኢኖ፣ ሴንሰርና ሞተር ባሕር ዳር ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ታዝዞ መጥቶ የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ገንዘቡም ጊዜውም ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪን ላይ ሥሩት። ቲንከርካድ የሚባለው ሲሙሌተር (ስክሪን ላይ የሚያስመስል ድረ ገጽ) ላይ አርዱኢኖ፣ ብሬድቦርድና ሽቦ አስቀምጣችሁ ኮዱን ማስኬድ ትችላላችሁ። ዎክዊ የሚባለው ደግሞ ኢኤስፒ 32 የተባለውን ሌላ ሰሌዳም ይጨምራል። አምፖሏ ስክሪን ላይ ካልበራች ጠረጴዛ ላይም አትበራም። በተቃራኒው ስክሪን ላይ በርታ ጠረጴዛ ላይ እምቢ ልትል ትችላለች፤ ሲሙሌተሩ የላላ ሽቦ አያውቅም።

ለፊዚክስና ኬሚስትሪ ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያስመስል ፌት የሚባል ድረ ገጽ አለ። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቹን ማውረድና ያለ ኢንተርኔት ማስኬድም ይቻላል።

ዕቃ ስትመርጡ ከቪዲዮው በላይ ማመን ያለባችሁ ዳታሺቱን ነው። ዳታሺት አምራቹ የሚያወጣው የዕቃው መታወቂያ ነው፤ በስንት ቮልት እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚችል ይናገራል። የዕቃውን ቁጥርና «ዳታሺት» የሚለውን ቃል ከፒዲኤፍ ዘዴው ጋር ብትጽፉ ይመጣል። ለምን ይጠቅማል? ያ አልትራሳውንድ ሴንሰር በ5 ቮልት ይሠራል፣ መልሱንም በ5 ቮልት ይልካል። አርዱኢኖ ኡኖ 5 ቮልት ይችላል። ኢኤስፒ 32 ግን የ3.3 ቮልት ዕቃ ነው። በቀጥታ ካገናኛችሁት ቀስ እያለ ሊሞት ይችላል። መፍትሔው ሁለት ሬዚስተር ነው፣ አንድ ኪሎ ኦም እና ሁለት ኪሎ ኦም። 5 ቮልቱን ወደ 3.3 ያወርዱታል። ይህን ብዙ ቪዲዮ ይዘለዋል።

ለሞተርና ለማርሽ የተበላሸ ፕሪንተር ፈልጉ። ከማንኛውም ድረ ገጽ በፊት እሱን እመክራለሁ።

ጥናት ማግኘትና ማንበብ

ጎግል ስኮላር የጥናት ጽሑፎችን ብቻ ይፈልጋል። ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከውጤቱ ሥር ሌሎች ቅጂዎችን የሚያሳይ ሊንክ አለ፤ ከነዚያ አንዱ ነፃ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ያለው ሊንክ ደግሞ ያን ጥናት በኋላ የጠቀሱትን ያሳያል። አሮጌ ጥናት ይዛችሁ ወደ አዲሱ የምትሻገሩት በእሱ ነው። ሁሉም እምቢ ካለ ለጸሐፊው በኢሜይል ትሕትና ያለው ሁለት መስመር ጻፉ። ብዙ ተመራማሪ ጽሑፉን የሚጠይቀው ተማሪ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ከሁሉ የተረሳው ግን ቅርባችን ያለው ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ያስቀምጣል። ስለ ጣና ደለል፣ ስለ እምቦጭ ባዮጋዝ፣ ስለ ገጠር መብራት የተጻፈ ትፈልጋላችሁ? እዚያ ጀምሩ። ጥራቱ ይለያያል፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ሲነበብ ያደክማል። የማስተርስ ጽሑፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ግን ከዚያ በፊት የተሠራውን ሰብስቦ ያቀርብላችኋል፤ መጨረሻው ላይ ያለው የማጣቀሻ ዝርዝር ብቻውን የወር ሥራ ያቀልላል። የአፍሪካ መጽሔቶችን አንድ ላይ የሚያቀርበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ።

ጥናት ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ አይነበብም። ማጠቃለያውን አንብቡ። ከዚያ ሥዕሎቹንና ሰንጠረዦቹን እዩ። ከተመቻችሁ «እንዴት ተሠራ» የሚለውን ክፍል በርጋታ አንብቡ፤ እናንተ የምትወስዱት እሱን ነው።

የማይታመነውን መለየት

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ አይታወቅም። የጸሐፊ ስምና ዓመተ ምሕረት የሌለውን ለሐሳብ ያህል አንብቡት እንጂ ቁጥር አትውሰዱበት።

የባሰው የ«ነፃ ኃይል» ቪዲዮ ነው። ሞተር ጀነሬተር ያዞራል፣ ጀነሬተሩ መልሶ ሞተሩን ያዞራል፣ መሐል ላይ አምፖል ይበራል። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እንዲህ ዓይነት ራሱን በራሱ የሚያዞር ማሽን አልመረምርም ያለው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። እኛ ግን ዛሬም ውድድር ላይ እናየዋለን። ባትሪው ጠረጴዛው ሥር ነው ያለው።

የማይጭበረበር መሣሪያ አላችሁ፤ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ። አንዱ ቪዲዮ ጣሪያ ላይ በተቀመጠ በርሜል ውኃ ቤቱን ሙሉ ማታ አበራለሁ ይላል እንበል። በርሜሉ 200 ሊትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ይሁን። የውኃውን 200 ኪሎ ግራም በ9.81 እና በ2 ስታባዙት 3924 ጁል ነው። ምንም ሳይባክን ቢቀየር 5 ዋት አምፖል ለ13 ደቂቃ ያበራል። አለቀ። በእውነተኛው ተርባይን ከዚያም ያንሳል። እንዲህ ያለች ሒሳብ ብዙ ቪዲዮ ከማየት ታድናለች።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ? ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ያልገባችሁን ቃል ለማስረዳት፣ ለፍለጋ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ለማምጣትና የተሳሳተ ኮድ ለማየት ይረዳሉ። ማጣቀሻ ስጡኝ ካላችኋቸው ግን የሌለ ጥናት፣ ከነጸሐፊው ከነዓመቱ፣ ፈጥረው ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ርዕሱን ስኮላር ላይ ፈልጉት። ካልመጣ የለም ብላችሁ ተዉት።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ፓኬጅ ውድ ነው፣ ኔትወርኩም ሲፈልግ ይጠፋል። ኪዊክስ የሚባል መተግበሪያ ዊኪፔዲያን ሙሉውን ወይም በርዕስ ከፋፍሎ ስልክ ላይ ያስቀምጣል። አንዱ ካወረደው በፍላሽ ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ቪዲዮ ስታዩ ጥራቱን ወደ 360 ዝቅ አድርጉት፤ የሽቦው ቀለም ከታየ ይበቃል። የሚጠቅማችሁን ገጽ ደግሞ እንደ ፒዲኤፍ አስቀምጡት፣ ነገ ላይኖር ይችላል።

ስታስቀምጡ ከየት እንዳገኛችሁትና ያወረዳችሁበትን ቀን አብራችሁ መዝግቡ። «ጋሼ፣ ሪፖርቱ አልቋል፣ ሪፈረንስ ብቻ ነው የቀረው» የሚል ተማሪ ሁለት ሌሊት ሲፈልግ ያድራል። ኮድም እንደ ጽሑፍ ባለቤት አለው። ጊትሃብ (ሰዎች ኮድ የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ ስታወርዱ ብዙ ጊዜ ፈቃዱን የሚናገር ፋይል አብሮት አለ። አብዛኛው ስሙን ጥራ እንጂ እንደፈለግህ ተጠቀም ይላል። ፋይሉ ከሌለ ግን መብቱ ሙሉ በሙሉ የጸሐፊው ነው፣ ጠይቁት። የሴንቲኔል ፎቶ ላይ «የተሻሻለ የኮፐርኒከስ ሴንቲኔል ዳታ» ብሎ ከነዓመቱ ከሥዕሉ ሥር መጻፍ ግዴታ ነው። ፖስተሩ ላይ ፊደሉን ትንሽ ብታደርጉትም ችግር የለውም።